የምሽት ዘብ

...ደግሞ ማሰሪያው፣ የግራ እግሬ መከላከያ ሦስት ማሰሪያ አለው፣ የላይኛው ጉልበቴ ሥር ያሳክከኛል፣ ላላላው ወይስ ልተወው፣ እተወዋለሁ፣ ገና ነው፣ ፀሐይዋ ከኮኮናቱ ዛፎች ጫፍ አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብላ አለች። አንድ ክንድ በዚህ ሜዳ ላይ ብዙ አይደለም። ሁለቱ የክሪኬት መቺዎቻችን መሀል ሜዳ ቆመዋል፣ ከኋላቸው ሦስት ሦስት እንጨት ተተክሏል፣ ኳሷ እንጨቱን ከመታች መቺው ይወጣል፣ ቀጣዩ ይገባል። እንዳትወጡ። ዛሬን ብቻ እንዳትወጡ፣ እስኪመሽ ቁሙልኝ።

ሚንዱላ አጠገቤ ነው። አምበላችን። እሱም እንደኔ መከላከያውን አስሮ፣ መምቻውን፣ ባቱን፣ ጉልበቱ ላይ አጋድሞ፣ ሄልሜቱን እግሩ ሥር አስቀምጦ ተቀምጧል። ሁለታችንም ፀሐይዋን እያየን ጨዋታ የምናይ እንመስላለን። እሱ አምስተኛ ነው የሚገባው፣ እኔ ስድስተኛ፣ ወረቀቱ ላይ እንደዚያ ተጽፏል፣ ፀሐይ ከፍ ብላ ሳለችም እንደዚያ ነው። ስትወርድ ግን ቦታ እንለዋወጣለን። ማንም አያውጀውም። ፊቱን ወደ እኔ ያዞርና ማቻን ይለኛል፣ ማቻን፣ ወዳጄ፣ የሚለኝ ሲፈልገኝ ነው፣ ሳይፈልገኝ ፑላስቲ ነኝ፣ ማቻን፣ ብርሃኑ ከፋ፣ ዛሬን ብቻ ግባልኝ።

ዛሬን ብቻ። ሁለት ዓመት ሙሉ ዛሬን ብቻ።

ነውር አይደለም እኮ፣ ጨዋታው የሚያውቀው ነገር ነው። ሊመሽ ሲል ቀይዋ ኳስ ጥቁር ትሆናለች፣ ወርዋሪዎቹ ደግሞ ጥቂት ዙር ብቻ እንደቀራቸው ስለሚያውቁ የተረፈ ጉልበታቸውን ሁሉ አራግፈው ነው የሚወረውሩት፣ በዚያ ሰዓት አንድ ሰው ከወጣ ጎበዙ መቺ አይላክም፣ ሌላ ሰው በሱ ቦታ ይላካል፣ የምሽት ዘብ ይሉታል። ዘቡ ቢወጣ ቢወጣ ምን ይጎድላል፣ ጎበዙ ለነገ ተረፈ፣ ጎበዙ ጠዋት ቁርሱን በልቶ፣ ጢሙን ተላጭቶ፣ ፀሐይ ሞልታ ሳለች ይገባል። ግን ዘብ የሚሆነው ወርዋሪ ነው፣ መምታት ሥራው ያልሆነ ሰው ነው፣ ለምሳሌ ራንጋ። እኔ መቺ ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሌላ ነገር ሆኜ አላውቅም።

ራንጋ በነጠላ ጫማ ደረጃው ላይ ተዘርፍጦ የዓሣ ዳቦውን ይገምጣል። ዓይኔን ሲያገኘው ሁለት ጣቱን ፊቴ ላይ አውጥቶ ያወዛውዛል፣ ፑላ፣ ይሄ ስንት ነው፣ እንዳትሳሳት፣ ተረጋግተህ ቁጠር። ሁሉም ይስቃሉ። እኔም እስቃለሁ፣ ካልሳቅኩ የባሰ ነው። አንተ ሂድና ዓሣህን ብላ እለዋለሁ፣ እሱ ደግሞ ዓሣ ለዓይን ጥሩ ነው አሉ፣ እንካ ለአንተ ይብቃህ ብሎ ጠርዙን ይወረውርልኛል፣ እቀልባለሁ፣ በአንድ እጄ፣ ሳላይ፣ ይኸው ዓይኔ፣ ግን የቀለብኩትን ማን ይጽፈዋል።

የሚጽፉት ሰገነቱ ላይ ናቸው። ቀና አልልም። ቀና ሳልል ማን የት እንደተቀመጠ አውቃለሁ፣ አቶ ዴ ዞይሳ በነጭ ባርኔጣ መሀል ላይ፣ የመራጮቹ ሰብሳቢ፣ ሆዳቸው ላይ እጃቸውን አጣምረው፣ ከጎናቸው ኢሮሚ፣ ኮምፒውተሯን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ቁጥሮቹን የምትሠራው ልጅ። ነገ ጠዋት ወደ እንግሊዝ የሚሄደው ብሔራዊ ቡድን ስም ይነበባል። የአምስት ቀኑን ጨዋታ፣ ዋናውን፣ ቴስቱን ሊጫወት። አንድ የመቺ ቦታ ብቻ ነው ያልተሞላው፣ ሁለት ስም ቀርቷል፣ የሱና የኔ። የዛሬው ቁጥር የመጨረሻው ነው፣ እንግዲህ ከዚህ በኋላ የሚጨመር የለም። ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ከዚህ በኋላ ለኔም የሚጨመር የለም።

ዘንድሮ በቁጥር ብቻ ነው ሲባል እኔ ነበርኩ የተደሰትኩት። እኔ ጅሉ። ድሮማ መጀመሪያ የሚጠይቁህ የየትኛው ኮሌጅ ልጅ ነህ ብለው ነበር፣ አባትህ ማነው፣ ሚንዱላን ማንም ጠይቆት አያውቅም፣ ትምህርት ቤቱ ክራቫቱ ላይ ተጽፏል፣ የአቶ ዴ ዞይሳም ክራቫት ያው ነው። እኔ ከዓሣ ወደቡ ጀርባ ካለው ትምህርት ቤት ነኝ፣ ሜዳችን በአንድ በኩል መቃብር ነበር፣ ኳሷ እዚያ ከገባች ጫማህን አውልቀህ ነው የምታመጣት። ስለዚህ በቁጥር ነው ሲሉ እናቴ ከምትሠራበት ፖስታ ቤት እንደተመለሰች ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ፣ ሰማህ ልጄ፣ ቁጥር አጎት የለውም፣ አለችኝ። ቁጥር አጎት የለውም። ለጎረቤት ሁሉ አወራችው። አሁን በየቀኑ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ፣ እሺ፣ ቁጥሩ ምን አለ፣ ይለኛል፣ ቁጥሩ የታመመ ዘመድ ይመስል።

ጥሩ ኳስ ነበረች። መቺያችን ሳይነካት ተዋት። ጎበዝ። እንደዚያ ተዋት፣ ሁሉንም ተዋቸው።

ፀሐይዋ ዛፉን ነካች።

የመጀመሪያው ቀን ግን ክብር ነበር፣ አልዋሽም። ዝናብ አባርቶ ሰማዩ እንደ እርሳስ ከብዶ ነበር፣ አንድ ሰው ወጣ፣ ሚንዱላ ክንዴን ያዘኝ፣ ማቻን፣ ለእነዚህ ወርዋሪዎች በዚህ ጨለማ ጎበዝም የስልክ እንጨትም ቢላክ ያው ነው፣ ልብ ያለው ሰው ነው የምፈልገው፣ አለኝ። ልብ ያለው። ማንም እንደዚያ ብሎኝ አያውቅም ነበር። ሮጬ ገባሁ። አሥራ ስምንት ኳስ ቆምኩ፣ አንዷ ጎድኔን መታችኝ፣ አንዷ አውራ ጣቴን፣ ሲመሽ ሳልወጣ ተመለስኩ፣ መልበሻ ክፍል ውስጥ ሁሉም ቆመው አጨበጨቡልኝ፣ ራንጋ እንኳ። በማግስቱ ጠዋት በሁለተኛዋ ኳስ ወጣሁ፣ አውራ ጣቴ አብጦ ባት አይጨብጥም ነበር። ሚንዱላ ገባና መቶ አርባ ነጥብ መታ። ለጋዜጠኛው ምን አለ፣ ጓደኞቼን አመሰግናለሁ። ጓደኞቼ እኔ ነኝ። በብዙ ቁጥር።

ከዚያ በኋላ ልማድ ሆነ። ልማድ ደግሞ አይጠየቅም፣ የበር መዝጊያን ለምን እዚህ ተሰቀልክ ብሎ የሚጠይቅ አለ?

መጥፎ ሰው ቢሆን ጥሩ ነበር። አይደለም። አባቴ የሞተ ጊዜ ሬሳ ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነው፣ በነጭ ልብሱ፣ በጭቃ ውስጥ፣ ትከሻ አልቀየረም። መምታትም ይችላል፣ ጠዋት ላይ ሲመታ ሳየው ቅናት እንኳ ይጠፋብኛል፣ ኳሷ ራሷ ደስ እያላት የምትሄድ ይመስላል። ምሽት ነው የሚፈራው። ያ ብቻ። ሰው አንድ ነገር ይፈራል፣ እኔም መናገር እፈራለሁ፣ ስለዚህ እኮ ነው የተገጣጠምነው፣ እሱ ጨለማ ይፈራል፣ እኔ አፌን መክፈት እፈራለሁ፣ ክዳንና ድስት።

ኮሎምቦ ጠሩኝ። ካለፈው ወር በፊት። ክፍሉ ቀዝቃዛ፣ ማቀዝቀዣው ግድግዳ ላይ ይጮኻል፣ ጠረጴዛው ላይ በወረቀት የተሸፈነ ምሳ። ቁጭ በል ፑላስቲ፣ አሉ አቶ ዴ ዞይሳ፣ ዘንድሮ ማንም ማንንም አይቶ አይመርጥም፣ ይቺ ልጅ ናት አለቃችን፣ ብለው ሳቁ፣ ኢሮሚ አልሳቀችም። ግድግዳው ላይ ምስሉን አበራችው። ስሜ። ከስሜ ሥር በገባሁ ቁጥር የማገኘው የነጥብ አማካይ፣ ሠላሳ አራት። ከጎኑ የሚንዱላ፣ ሃምሳ አንድ። ይሄን አውቀዋለሁ፣ ይሄን ጎዳና ላይ ያለ ሻይ ሻጭም ያውቀዋል። ቀጥላ ግን ቀኑን ሰዓት በሰዓት ከፋፍላ አሳየችኝ፣ አረንጓዴ ጥሩ፣ ቀይ መጥፎ፣ የኔ ጠዋት አረንጓዴ፣ ከምሳ በኋላ አረንጓዴ፣ ጫፉ ላይ፣ የመጨረሻው ግማሽ ሰዓት፣ ቀይ። ደም። ይቅርታ ወንድሜ፣ አለችኝ ረጋ ብላ፣ ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ ምሽት ላይ ትወጣለህ፣ ለምን ይመስልሃል?

ለምን ይመስልሃል። አፌ ውስጥ ነበር እኮ። ምላሴ ላይ ቁጭ ብሎ ነበር።

አቶ ዴ ዞይሳ፣ ሰር የምንላቸው፣ ግን ቀድመው ገቡ፣ ልጄ፣ ዓይንህን ተመርምረህ ታውቃለህ? ከልባቸው ነው፣ ፊታቸው ላይ ሐዘን ነበር፣ አንዳንድ ሰው ሲመሽ ዓይኑ ይደክማል፣ አያሳፍርም፣ ሂድና ተመርመር።

እሺ ሰር።

እሺ ሰር አልኩ! ምናባቴ ሆኜ ነው እሺ ሰር ያልኩት፣ እንዴት ነው የማልወጣው፣ ሁልጊዜ በመጥፎ ሰዓት ተወርውሬ የምገባው እኔ፣ ሁልጊዜ ትኩስ ወርዋሪ የሚጠብቀኝ እኔ፣ ያ ቀይ ቀለም የኔ አይደለም፣ የሱ ነው፣ እኔ ላይ ነው የተቀባው። ይሄን ሁሉ መንገድ ላይ ነው ያልኩት። አውቶቡስ ውስጥ። ለመስኮቱ።

ክፍሉ ውስጥ ቀጥሎ የመጣው ደግሞ። አሁን ይሄን እይ፣ አሉ ሰር፣ ልጅት፣ የሚንዱላን ምሽት አሳዪው፣ ከሱ ይማር። አሳየችኝ። በመጨረሻው ግማሽ ሰዓት የወጣበት ጊዜ፣ ዜሮ። ሰር ጭናቸውን መቱ፣ ዜሮ! በሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን! እንግሊዝ ምሽቱ ረጅም ነው፣ እዚያ ብርሃኑ እየሞተ እየሞተ አይሞትም፣ እኛ የምንሸነፈው በዚያ ሰዓት ነው፣ እንዲህ ያለ ሰው ነው ያጣነው።

ባሕር ገብቶ የማያውቅን ሰው አልሰጠመም ብሎ ዋናተኛ ማለት። ዜሮ ጊዜ ወጣ፣ ዜሮ ጊዜ ገብቶ። ማን ጠየቀ ስንት ኳስ ተወረወረለት ብሎ። እሷ ልትጠይቅ ነበር። አይቻታለሁ፣ ግንባሯ ተጨማደደ፣ የኮምፒውተሯ ቀስት ወደሚቀጥለው ዓምድ ሄደ፣ ሰር፣ የገጠመውን የኳስ ብዛት ልይ፣ አለች፣ በልቤ፣ ክፈቺው እህቴ፣ ክፈቺው፣ እኔ መናገር አልችልም፣ አንቺ ክፈቺው። ኋላ ታዪዋለሽ፣ አሉ ሰር፣ ዜሮ ዜሮ ነው፣ ሩዙ እየቀዘቀዘ ነው። ወረቀቱን ገለጡ። የካሪው ሽታ ክፍሉን ሞላው። ያ ዓምድ እንደተዘጋ ቀረ።

ሰር ራሳቸው ተጫውተዋል፣ ያውም ለሀገር፣ የምሽት ዘብ ምን እንደሆነ አሳምረው ያውቃሉ። ግን መቺን ዘብ አድርጎ የሚልክ አለ ብለው አላሰቡም ይሆናል፣ የጨዋታው መዝገብ ፑላስቲ አምስተኛ ገባ ይላል እንጂ ለምን እንደገባ አይጽፍም። አላሰቡም ይሆናል። ወይም አስበዋል። ይሄን ሳስብ ነው አንጀቴ የሚያርረው፣ ቁጥር አጎት የለውም እማዬ፣ ግን ቁጥሩን የሚያነበው ሰው አለው።

ሚንዱላ ኮሪደሩ ላይ ተራውን ይጠብቅ ነበር። ምን አሉህ? ዓይንህን ተመርመር አሉኝ። አየኝ። ያውቃል፣ በደንብ ያውቃል፣ ለአንዲት ትንፋሽ ያህል ፊቱ ላይ የሆነ ነገር መጥቶ ነበር፣ የሚናገር መስሎኝ ነበር። ሳቀ። ጥሩ ነዋ ማቻን፣ ጤና ይቀድማል። ትከሻዬን መታ አድርጎኝ ገባ። በማግስቱ መልበሻ ክፍሉ ሁሉ ሰምቷል፣ ራንጋ ጣቱን ማወዛወዝ የጀመረው ያን ጊዜ ነው።

ሄድኩ ደሞ። ተመረመርኩ። ሐኪሙ እስከ መጨረሻዋ መስመር አስነበበኝ፣ ከሥሩ በጉንዳን ፊደል የተጻፈውን የማተሚያ ቤቱን ስም ሳይቀር አነበብኩለት፣ አንተ ሰው ጭልፊት ነህ፣ ምን ልትሠራ መጣህ፣ አለኝ። የምስክር ወረቀት ጻፈልኝ። ለማን ልስጠው። እናቴ መስታወቱ ጥግ ላይ ሰካችው።

አሁን ጨለም አለ። ዳኞቹ ተጠጋግተዋል፣ የብርሃን መለኪያውን አወጡ፣ አንዱ ሰማዩን አየ፣ አንዱ መለኪያውን፣ ይበቃል በሉ፣ በሉ እንጂ፣ ግቡ በሉን፣ ሁላችንም ቤታችን እንግባ። መለኪያውን ኪሱ ከተተው። ጨዋታ ይቀጥላል።

ሚንዱላ ባቱን በእጁ ያወዛውዛል፣ ጠክ ጠክ ጠክ፣ የእንጨት ወንበሩን ይነካል። ልክ እንደኔ ያስባል፣ ዛሬ ዘብ ሆኖ ፑላስቲ ቢወጣ፣ አንድ ቀይ ይጨመርበታል፣ እኔ ነገ ጠዋት ጢሜን ተላጭቼ... አይ፣ ይሄን አያስብም ይሆናል። ጨለማውን ብቻ ነው የሚያስበው። የፈራ ሰው ሒሳብ አያውቅም። ሒሳቡን እኔ ነኝ የምሠራለት።

ብገባና ብወጣ፣ አለቀልኝ። ብገባና ባልወጣ፣ አንድ ምሽት ሠላሳ አራትን የት ያደርሰዋል። አልገባም ብለውስ። አምበል ግባ ሲል አልገባም የሚባል ነገር የለም፣ ላይ ሆነው ያያሉ፣ ፑላስቲ አምበሉን እምቢ አለ፣ ይሄንን ለመጻፍ ደግሞ ዓምድ አይጠፋም።

እጄ ወርዷል። ሳላዘው። የግራ እግሬ ላይ ነው። የላይኛው ማሰሪያ ያሳክከኝ የለ፣ ፈታሁት። መካከለኛውንም። ምን እያደረግኩ ነው። የታችኛው ቋጠሮ ሆኖ እምቢ ይላል፣ በጥፍሬ...

ኦ!

ጩኸት። የተጋጣሚዎቻችን፣ የካንዲዎቹ፣ ረጅሙ ወርዋሪ ሁለት እጁን ዘርግቶ ይሮጣል፣ ጓደኞቹ ያሳድዱታል፣ የኛው ልጅ መሬቱን እያየ ቆሟል፣ ከኋላው አንዱ እንጨት ተነቅሎ ተጋድሟል። ወጣ። በቃ። ወጣ።

ጠክ ጠኩ ቆመ።

ማቻን።

አላየውም። እግሬን ነው የማየው። መከላከያዬ እንደ ተሰበረ ክንፍ ወደ ጎን ተንጠልጥሏል።

ማቻን፣ ብርሃኑን ታያለህ፣ ዛሬን ብቻ፣ በናትህ።

ማሰሪያው ተፈቷል፣ እላለሁ፣ ድምፄ የማን ነው።

እሰረዋ!

እያሰርኩ ነው። እያሰርኩ ነው፣ እውነቴን ነው፣ ጣቶቼ ግን የሌላ ሰው ሆነዋል፣ ቀለበቱ ውስጥ አይገባም፣ ያንሸራትተኛል፣ አዲስ መቺ በሦስት ደቂቃ ውስጥ እንጨቶቹ ፊት ካልቆመ ዳኛው ኳስ ሳይወረወር ያስወጣዋል፣ ይሄን ሕግ ሚንዱላም ያውቃል፣ ሰዓቱን ያያል፣ እኔን ያያል፣ ራንጋን ያያል፣ ራንጋ፣ ተነስ፣ አንተ ግባ! ራንጋ ነጠላ ጫማ ያደረገ እግሩን ከነዳቦ ፍርፋሪው ከፍ አድርጎ ያሳየዋል፣ አይያ፣ ወንድምዬ፣ በዚህ እግሬ ልግባ እንዴ፣ ኳሷን በእግር ጣቴ ልያዛት? ማንም አልሳቀም። ከሜዳው የወጣው ልጅ ደረጃው ሥር ደርሷል። ዳኛው ወደዚህ ዞሯል።

ፑላስቲ።

ሙሉ ስሜ። ቀና አልኩ። ዓይኑን አየሁት፣ ውስጡ ትንሽ ልጅ አለ፣ ጨለማ ክፍል በር ላይ የቆመ፣ ግባ የተባለ። ልነሳለት ነበር። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ቂጤ ከወንበሩ ተላቅቆ ነበር። መካከለኛው ማሰሪያ ከእጄ አመለጠ።

ሄልሜቱን አነሳ። ወረደ። ከላይ ሰገነቱ ጨብጨብ አለ፣ የሰር ድምፅ ይሰማኛል፣ ይኸውላችሁ፣ ራሱ ገባ፣ አላልኳችሁም፣ አምበል ማለት እንዲህ ነው።

አሁን ማሰሪያው ወዲያው ታሰረልኝ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስቱም። ቀላል ነበር። ስድስተኛው እኔ ነኝ እኮ፣ ቀጥሎ የምገባው እኔው ነኝ፣ እሱ ከወጣ ከዚህ በባሰ ጨለማ የምገባው እኔው ነኝ። ጎበዝ ፑላስቲ፣ አመለጥክ።

ራንጋ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ፣ በሚንዱላ ቦታ። ማሰሪያህ አልተበጠሰም፣ አለኝ ቀስ ብሎ። ዳቦውን ወረቀት ውስጥ ጠቀለለው።

የመጀመሪያዋ ኳስ። በባቱ ጫፍና በእንጨቶቹ መሀል አለፈች፣ እንዴት እንዳለፈች እንጃ። ሜዳው ሁሉ ኡኡ አለ። እጁ ደርቋል፣ ከሩቅ ይታየኛል፣ በዚህ ብርሃን እጅህን ታላላለህ፣ ኳሷን ወደፊት ሄደህ አትፈልጋትም፣ እስክትመጣ ትጠብቃታለህ፣ ዓይንህ ሥር ስትደርስ ነው የምትነካት፣ ማንም አልነገረው። ማን ይንገረው፣ የሚያውቅ እኔ ብቻ ነኝ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ጠይቆኝ አያውቅም፣ እኔም ነግሬው አላውቅም፣ የሱን ምሽት ሁሉ እኔ ወሰድኩበት ማለት ነው፣ ወይ ጉድ፣ እኔ ነኝ ያለ ምሽት ያስቀረሁት።

ሁለተኛዋ። ተዋት። ተዋት እላለሁ፣ አፌ ይንቀሳቀሳል፣ ራንጋ ያየኛል፣ እንዲወጣ እየለመንኩ መሆን አለበት እኮ፣ ዜሮው እንዲሰበር፣ ግን አፌ ተዋት ነው የሚለው፣ እጄ ባዶ ባት ጨብጦ ኳሷን ዓይኔ ሥር ይጠብቃል። ተዋት። ጎበዝ።

ሦስተኛዋ ደረቱን መታችው። ተንገዳገደ። ረጅሙ ወርዋሪ ሄዶ አፍጥጦበት ተመለሰ፣ የሆነ ነገር አለው፣ ምን እንዳለው አውቃለሁ፣ ለኔም ይላሉ፣ ወንድሜ ባትሪ ላምጣልህ ወይ ይላሉ።

አራተኛዋ።

አላያትም። ሚንዱላ አላያትም፣ ባቱ ገና ከትከሻው ሳይወርድ ነው እግሩን ያገኘችው፣ ከእንጨቶቹ ፊት፣ ቀጥ ብላ፣ እግሩ ባይከልላት እንጨቱን ትመታ ነበር፣ ያም መውጣት ነው፣ ሁሉም ወደ ዳኛው ዞረው ይጮኻሉ፣ እኔ ግን ቆሜያለሁ፣ ዳኛው ጣቱን ከማንሳቱ በፊት እኔ ቆሜያለሁ፣ ጓንቴን አጥልቄያለሁ፣ ልማድ ነው።

ጣቱ ተነሳ፣ ወጣ።

በአራት ኳስ። ዜሮው ተሰበረ። ደስ ይበልህ እንግዲህ፣ ደስ ይበልህ እንጂ። ሃምሳ አንዱ ሃምሳ ይሆን ይሆናል፣ ሃምሳም እንግሊዝ ይገባል። እሷ ግን አሁን ያንን ዓምድ ትከፍተው ይሆናል፣ ከዚህ በፊት በምሽት የገጠመው ኳስ ስንት ነበር ብላ፣ ባዶ ሆኖ ታገኘው ይሆናል። ወይም ሰር፣ አንድ ቀን ሁሉም ይወጣል ልጄ፣ ይሏታል። ወይም መሽቷል፣ ኮምፒውተሯን ዘግታዋለች።

ደረጃው። ሳሩ። ጤዛው ከአሁኑ ወርዷል። ሚንዱላ ከወዲያ ይመጣል፣ እኔ ከወዲህ፣ መሀል ሜዳና ደረጃው መካከል ሁልጊዜ የምንተላለፍበት ቦታ አለ፣ ሁልጊዜ ግን እኔ ነበርኩ የምመለሰው፣ እሱ ነበር በማግስቱ ፀሐይ የሚገባው። ሄልሜቱን አውልቋል። ፀጉሩ በላብ ግንባሩ ላይ ተለጥፏል። ከንፈሩ ነጭ። ሊያልፈኝ ነው ስል ቆመ።

ማቻን፣ ኳሷ እኮ አትታይም። እንደ ልጅ ነው ያለው። እንደ ግኝት። ፈጽሞ አትታይም!

ሁለት ዓመት። የምላሴ ሁለት ዓመት። ብዙ ነገር ነበር፣ ለዚህች ቀን ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር፣ አውቶቡሱ ውስጥ ለመስኮቱ የነገርኩት ሁሉ ነበር።

ዓይንህን ተመርመር፣ አልኩት።

ፊቱ። እንደዚያ ይሆናል ብዬ አልጠበቅኩም። አልተቆጣም። ራሱን ነቀነቀ፣ ቀስ ብሎ፣ እሺ ሰር እንደሚል ሰው፣ ሄደ። ደስታው የት አለ፣ ይኸው አልኩት፣ የት አለ፣ አፌ ውስጥ መራራ ብቻ ነው የቀረው፣ የኪኒን ቅሪት የመሰለ። ወደ ኋላ አላይም። ካየሁ እጠራዋለሁ፣ እጅህን አላላ፣ ዓይንህ ሥር ጠብቃት፣ እለዋለሁ፣ ጊዜው አልፏል።

መሀል ሜዳ። ሽሙጡ ጀመረ፣ መጣ፣ ዘበኛው መጣ፣ በር ተከፍቶ ነው ያደረው ወይ? ዳኛውን የእንጨቶቹን መስመር ጠየቅኩት፣ ባቴን አቁሜ ምልክቴን በጫማዬ ጫርኩ፣ እዚህ መሬት ላይ የድሮ ጭረቴ ያለ ይመስለኛል፣ እኔ እንጂ ማን በዚህ ሰዓት ይቆምበታል። ሰገነቱ ላይ አንድ ትንሽ ሰማያዊ ብርሃን አለ። ኮምፒውተሯ አልተዘጋም። ብወጣ ቀይ ነው። ብወጣ እንደገና የምሽት በሽተኛ ነኝ፣ ሐኪሙ የጻፈው ወረቀት መስታወቱ ጥግ ላይ ቢጫ ይሆናል፣ እናቴ ነገ ጠዋት ፖስታ ቤት ቆማ ሬዲዮኑን ትከፍታለች፣ ስሞቹን አንድ በአንድ...

ተው። ይሄ ሁሉ ላይ ነው፣ ሰገነቱ ላይ። እዚህ ታች ኳስ ብቻ ነው ያለው።

ረጅሙ ወርዋሪ ዞረ። ባሕሩ ከኋላው ጥቁር፣ ሸሚዙ ነጭ፣ ይሮጣል። እጄን አላላሁ። ክንዱ ከፍ አለ፣ ለቀቃት፣ ጥቁር ናት፣ ጥቁር ውስጥ ጥቁር፣ ስፌቷ ትንሽ ወደ ግራ ያዘነብላል፣ ክሩ ሳይቀር፣ አንድ በአንድ፣ ይታየኛል።